ሰዎቹ ሁሉ ታች የወረዱበት ፎቅ

እናቴ ታናሽ ወንድሜን በወለደች ሰሞን እኔ የአሥር ዓመት ልጅና የአሥራ አንድ ፎቅ ባለቤት ነበርኩ። ፎቁ ያለው በእናቴ ስልክ ውስጥ ነው። ልጆች እየገጣጠሙ ቤትና መኪና የሚሠሩባቸውን የፕላስቲክ ጡቦች የሚያመርት አንድ የውጭ ኩባንያ፣ ጡቦቹን የስልክ ጨዋታ አድርጓቸው ነበር። እውነተኛውን ጡብ በእጄ የነካሁት ሃያ ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ አሁን በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ግን ባሕር ዳር ውስጥ ከእኔ የበለጠ ባለፎቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጨዋታው ቀላል ነው። አንድ ፎቅ ይታዘዛል፤ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሰዓታት ይጠበቃል። ከዚያ ቢጫ ፊት ያላቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ሰዎች ታች በሩ ላይ ይሰለፋሉ። እነሱን በአሳንሰር እያወጡ ቤት መስጠትና ሥራ ማስያዝ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚመኘው ሥራ አለው። የተመኘውን ካገኘ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ ካላገኘ ዝም ብሎ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሀይደር ነው፤ እኔ ሀይዱ ነበር የምለው። ከአባቴ ጋር ጣና ዳር ዋርካ ሥር ጀልባ ይሠራሉ። አባቴ እንጨቱን ይጠርባል፣ ሀይዱ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ሬንጁን ሁለቱም ይቀባሉ፤ ማታ ሁለቱም እጃቸውን በነጭ ጋዝ እያሹ ይገባሉ። ሀይዱ ጨዋታውን በራሱም ስልክ ጭኖ የእሱና የእኔ ፎቅ ጎረቤት እንዲሆኑ አገናኛቸው። እኔ የእሱን ገብቼ አያለሁ፣ እሱም የእኔን። ዓርብ ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ ከፎቁ አንድ ሰው ወደ እኔ ይልክልኛል። እናቴ እኩያሽን አገኘሽ እያለች ትስቅብን ነበር።

የሀይዱ ፎቅ ሃያ ሁለት ደርሷል። አዲስ ሰው ሲመጣለት ከታች ባዶ ቤት ቢኖርም ቀጥታ ላይ ያወጣውና፣ ይኸው አሁን ሐይቁን ያያል ይለኛል። በጨዋታው ውስጥ ሐይቅ የሚባል ነገር የለም። እሱ ግን ከላይ ሆኖ ለሚያይ ይታያል ብሎ አሳምኖኝ ነበር፣ እኔም አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ያሉትን ሰዎቼን እያየሁ እቀናላቸው ነበር።

እናቴ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ሀይዱ አርባ ምንጭ ሄደ። እዚያ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያመላልሱ ሰዎች ሁለት ትልልቅ ጀልባ እንዲሠራላቸው ጠርተውት ነው። ሊሄድ ሲል ሻንጣውን እየሸከፈ ስልኩን ያዥልኝ ብሎ ሰጠኝ። የሰረቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከሰዎቹ መካከል ነጭ የካፒቴን ኮፍያ ያደረገ፣ ሀይዱ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው አንድ ሰው አለ። ማንም ሳያየኝ ያንን ካፒቴን ወደ ራሴ ፎቅ ላክኩት። ስልኩን ስመልስለት ሀይዱ ግንባሬን ሳመኝና የእናቴን ነገር አደራ አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም፤ ጉንጬ እሳት ሆኖ ነበር።

ልጁ ወንድ ሆነ። እናቴ ግን ደም ብዙ ፈሰሳት፣ ግፊቷም ወጣ፤ ሆስፒታል አምስት ቀን ተኝታ ነው ወደ ቤት የመጣችው። ጎረቤታችን ሲስተር ፀሐይወርቅ የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነች፤ ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ እየገባች ግፊቷን ትለካላታለች። እናቴ በገባች ማግሥት ሲስተር አባቴን በር ላይ አቁማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራው ሰማሁ።

"ድንጋጤ ከነካት አንመልሳትም ጋሽ ዩሱፍ። አርባ ቀኗን ትጨርስ። እስከዚያ በምንም ምክንያት እንዳትደነግጥ።"

አባቴ የበሩን መቃን ይዞ እሺ፣ እሺ ይላል። እኔ ድንጋጤ የማውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሰው ከኋላ መጥቶ ‘ባ!’ ሲል የሚመጣውን። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ በጣቶቼ ጫፍ መራመድ ጀመርኩ። ድስት የሚከድን ሰው ሳይ እቆጣለሁ። የጎረቤትን አውራ ዶሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ አሳድጄ አባርሬዋለሁ። እናቴን ያዳንኳት እኔ ነኝ ብዬ ለረጅም ጊዜ አምን ነበር።

በማግሥቱ አባቴ የጀልባ ሞተር ሊገዛ አዲስ አበባ ሄደ ተባለ። በአምስተኛው ቀን ሲመለስ ሞተር አልያዘም። የት አለ ብዬ ጠየቅኩት፣ አልተስማማኝም አለ። ፊቱ አቧራ መስሎ ነበር፤ የመንገድ ድካም ነው አልኩ።

አባቴ የሄደው አርባ ምንጭ ነበር። ሀይዱ ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ እዚያው ሕይወቱ አልፏል። አባቴ ለቀብሩ እንኳ አልደረሰም፤ አፈሩን አይቶ ተመለሰ። ይዞት የመጣው ሻንጣውንና ስልኩን ነው፤ ሁለቱንም ጣና ዳር ካለው የዕቃ ቤት አስቀመጣቸው። አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ግፊት ላለባት አራስማ ጭራሽ። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ነበር፤ የማናውቀው እናቴ፣ ጡት የሚጠባው ወንድሜና እኔ ነበርን።

እናቴ ሀይደር ለምን አይደውልም ብላ ጠየቀች። አባቴ ስልኩ ውኃ ገብቶበት ድምፁ ተበላሽቷል አላት። ለጀልባ ሠሪ ስልክ ውኃ መግባት ብርቅ አይደለም። የአባቴም ሁለት ጊዜ ሰምጧል። ነገር ግን እናቴ ዓይኗን ከአባቴ ፊት አላነሣችም። እኔም እንዳትጨነቅ ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ድምፁ ቢበላሽ ኢንተርኔቱ ይሠራ ይሆናል፣ ፎቁን ገብተን ብናይ ደኅና መሆኑን እናውቃለን አልኩ። ወዲያው ስልኩን ከፈትኩ። የሀይዱ ፎቅ በር ላይ ባለቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የገባበት ቀን ተጽፏል፤ ከሰባት ቀን በፊት ይላል።

እናቴ ሰባት ቀን ብላ ደገመችው። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት ልጁን ሳታጠባ በፊት ሀይደር ገባ ወይ ብላ ትጠይቀኝ ጀመር። አልገባም ስላት ያመጣንላትን አጥሚት በእጇ ትገፋዋለች። ሲስተር ፀሐይወርቅ የግፊት መለኪያዋን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ጣና ዳር ይዞኝ ሄደ። ዋርካው ሥር በተደፋ ጀልባ ላይ አስቀመጠኝና፣ እስቲ ይህን የምትጫወችውን ነገር አስተምሪኝ አለኝ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። አባቴ ከሬድዮና ከተራ ስልኩ በቀር ቁልፍ ያለው ነገር የማይነካ ሰው ነው። የእናቴን ስልክ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ያዘው። ጣቱ በሬንጅ ደድሮ ስክሪኑ አይታዘዝለትም፤ አሥር ጊዜ ነክቶ አንድ ጊዜ ይሠራለታል። ፎቅ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ አሳንሰሩ እንዴት እንደሚሄድ አሳየሁት። ሀይደር በስንት ቀን ነው ፎቅ የሚጨምር አለኝ። ሰው የሚልክልሽስ መቼ ነው አለኝ። ሁሉንም መለስኩለት። አንዱን ሰው አሳፍሬ ወደ ላይ ሳወጣው እጄን ያዘኝ።

"ሰውን ሁሉ ላይ ከሰበሰብሽው አይገለበጥም?"

"አባባ፣ ቤት እኮ ነው። ጀልባ አይደለም።"

እሺ አለ እንጂ አልተዋጠለትም። አባቴ በጀልባ ሰው ሲያሻግር ኩንታሉን ታች፣ ሰውን ከኩንታሉ አጠገብ ያስቀምጣል። ብድግ የሚል ተሳፋሪ ካየ ክብደት ወደ ታች ብሎ የሚጮኸው ድምፅ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። የዚያን ቀን ትምህርቱን ጨርሰን ስንመለስ እንደ አባቴ ያለ ደካማ ተማሪ የለም ብዬ ለሲስተር ፀሐይወርቅ ነገርኳት። ሲስተር አልሳቀችም። ፊቷን አዙራ መነጽሯን ስትጠርግ ቆየች።

በማግሥቱ ጠዋት የሀይዱ ፎቅ በር ላይ ዛሬ ገብቷል ይላል። እየሮጥኩ ገብቼ ለእናቴ አሳየኋት። አልሐምዱሊላህ አለች፣ ግማሽ ኩባያ አጥሚትም ጠጣች። ሃያ ሦስተኛው ፎቅ ታዞ መሠራት ጀምሯል። ዓርብም ጁምዓ ሲወጣ አንድ ሰው ተላከልኝ። ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ፎቁ ውስጥ አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ።

ሰዎቹ መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ ሃያ ሁለተኛው ላይ ያሉት አምስቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተገኙ። ከዚያ ሃያ አንደኛው ባዶ ሆነ። በሳምንቱ ከአሥራ ሁለት በላይ ያለው ሁሉ መብራቱ እየበራ ሰው አልባ ሆነ። ታች ያለው ደግሞ ተጨናንቆ፣ ዳቦ ጋጋሪው ከሐኪም ቤት፣ ሐኪሟ ከፀጉር ቤት ገብታ፣ እጁን ወደ ላይ ያነሣ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ዝም ብለው ቆመዋል።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ሀይዱ ካፒቴኑን መስረቄን ደርሶበታል። ሐይቁን አላሳይሽም እያለኝ ነው። ከእኔ ጋር መነጋገር ስላልፈለገ ነው ድምፁ ተበላሸ ያለው። ካፒቴኑን መልሼ ልልክለት ስል ደግሞ ጨዋታው ቦታ የለውም ይለኛል፤ የእሱ የታች ቤቶች ሁሉ ሞልተዋል። ሁለት ቀን ደጋግሜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት ሳልሄድ ጣና ዳር አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

አባቴ ብቻውን የጀልባ ስንጥቅ በሬንጅ ይደፍናል። የሁለት ሰው ሥራ እየሠራ ነበር፤ አንዱን ጫፍ በእግሩ ይዞ ሌላውን በእጁ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሻንጣውን ሲሸክፍ ስልኩን እንደሰጠኝ፣ ካፒቴኑን እንደወሰድኩ፣ ግንባሬን ሲስመኝ ቀና እንዳላልኩ።

"ሀይዱ ተቀይሞኛል አባባ። አይታረቀኝም።"

አባቴ የሬንጁን ቆርቆሮ መሬት አስቀመጠ። ተነሥቶ ወደ ውኃው ሄደና ጎንበስ ብሎ ፊቱን መታጠብ ጀመረ። ረጅም ጊዜ ታጠበ። ሬንጅ ዓይኑ ገብቶበት ነው ብዬ ፎጣውን ይዤ ጠበቅኩት። ሲመለስ ጉልበቱን አጥፎ በቁመቴ ልክ ሆነ።

"ስሚኝ ሂክማዬ። ሀይደር ቂም አያውቅም። አንቺን ተቀይሞ አንድ ቀን አላደረም፤ ወላሂ።"

ዓርብ ከሰዓት ስልኩን ስከፍት ከሀይዱ ፎቅ ዘጠኝ ሰው ተልኮልኛል፤ በአንድ ቀን ዘጠኝ። ግቢ ውስጥ ዘለልኩ። ጣቱ በሬንጅ የደደረ ሰው አንድ ለመላክ ስንት ጊዜ እንደሚነካ ሳስተምረው በዓይኔ አይቼ ሳለ፣ ማን እንደላካቸው አንድም ጊዜ አልጠረጠርኩም። ይቅር ተብያለሁ፤ ሌላው ምን አገባኝ።

ያንን ደስታ ይዤ እናቴ ዘንድ ገባሁ። ልጁን አቅፋ ትራስ ተደግፋ ነበር። ዘጠኙን ሰዎች አንድ በአንድ አሳየኋት። ዕርቁን ስነግራት ጥሉንም መናገር ግድ ሆነብኝ። ሀይዱ ተቆጥቶ ሰዎቹን ሁሉ ታች አውርዷቸው ነበር አልኳት።

"ታች?" አለች እናቴ። "እስቲ አምጭው።"

ስልኩን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ፎቁን ከላይ ጀምራ ቀስ እያለች ወረደች። ሃያ አራት፣ ባዶ። ሃያ ሦስት፣ ባዶ። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ቆመች። ታች የታጨቁትን ሰዎች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ወንድሜ ጡቱ አምልጦት ማልቀስ ጀመረ፤ እሷ አልሰማችውም። በኋላ ስልኩን መለሰችልኝና ልጁን አስተካክላ ጡቷን ሰጠችው።

"ሌላ ሰው ነግረሻል?"

"ለአባባ ብቻ።"

"ፎቁን እንዳየሁት ለእሱ እንዳትነግሪው። በይ አጥሚቱን አምጭልኝ።"

አጥሚቱን እስከ አንቡላው ጠጣችው። ማታ ገንፎ አስሠርታ በላች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ምግብ አልገፋችም፤ አንዳንዴ እንባዋ እየወረደ እንኳ ትጎርሳለች። ቅመሙ በርትቶብኝ ነው ትለኛለች። ሲስተር ፀሐይወርቅ ግፊቷ ወረደ ብላ ስትደሰት እኔ ፎቁ ነው ያዳናት እያልኩ ለሰፈር ልጆች አወራሁ።

እናቴ ነገሩን የነገረችኝ ባለፈው ዓመት፣ ሁለታችን አምባዛ ዓሣ እየከተፍን ሳለ ነው። ድንገት ነው ያነሣችው።

"ሀይደር ሰው ታች አያኖርም። ታች የሚጭን ዩሱፍ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ክብደት ወደ ታች ሲል ሰምቸዋለሁ። ፎቁን ሳየው የባሌን እጅ አየሁ፣ ወንድሜ እንደሞተም አወቅሁ።"

"ታዲያ እንዴት ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ለቅሶ ጉልበት ይፈልጋል ልጄ። ጉልበት አልነበረኝም። ልጁም ይጠባል። በልቸ ልጠንክርና አለቅሳለሁ አልሁ።" ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ደግሞ አባትሽ ከዚያ ስልክ በቀር ሀይደርን የሚያገኝበት ቦታ አልነበረውም። እንዴት ብየ ልቀማው?"

እኔ ግን ያን ጊዜ የማየው ሌላ ነው። አባቴ ከምሳ በኋላ የግቢው ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ልጠራው ስል እናቴ በመስኮት ታየኝና፣ ተይው፣ ሥራ ላይ ነው ትለኛለች። የተጣሉ ይመስለኝ ነበር፤ ሲተያዩ ቶሎ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እሱ ነገሩ ከፊቱ እንዳይነበብበት፣ እሷም ማወቋ እንዳይታወቅባት ነበር። እንደዚያ ሰሞን ተዋድደው አያውቁም።

አርባ ቀኑ ሞላ። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰው ወደ ግቢያችን መግባት ጀመረ። ሸህ ሰዒድ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡ። ሲስተር ፀሐይወርቅ በሥራ ሰዓቷ የግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣች። እኔ የወንድሜ የአርባ ቀን ደስታ ነው ብዬ የዒድ ቀሚሴን ለበስኩ። ማንም አውልቂ አላለኝም፤ አንዷ ሴትዮ ግን አይታኝ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ግራና ቀኟን ቀስ ብለው ከበቧት። መርዶ ሲነገር ሰው ራሱን እንዳይጥል እንዲህ ተጠግቶ መያዝ ነው ልማዱ። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። በአንድ ሌሊት ያረጀ ይመስላል፣ አንድ እጁ ከኮቱ ኪስ አልወጣም። ሸህ ሰዒድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መዲና ልጄ፣ ሁላችንም የአላህ ነን፣ ወደ እሱም…"

እናቴ እጇን አነሣች። ወንድሜን ከደረቷ አላቃ ለሲስተር ፀሐይወርቅ ሰጠቻት። ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሠረች። ሴቶቹ ክንዷን ሊይዙ ሲቀርቡ እጃቸውን አንድ በአንድ፣ ሳትቆጣ፣ ከላይዋ አነሣችው።

"እኔን ተውኝ፣ ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። ዩሱፍን ያዙልኝ። ለወንድሜ ይኸን ሁሉ ቀን ብቻውን ነው ያለቀሰለት።"

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት አባቴ መቃኑን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ከዚያ በፊት አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም፤ ድምፁ እንደዚያ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ሀይዱ መሞቱን ያወቅኩት በዚያ ድምፅ ነው። እናቴ በአርባ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይደግፋት ክፍሉን አቋርጣ ሄደች። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ራሱን ወደ ጭኗ ሳበችው፤ ከዚያ በኋላ ነው የራሷን ለቅሶ የጀመረችው።